«ኦርኬስትራ የለንም» ለሚሉን የተሰጠ መልስ

ውድ የመጠለያችን ነዋሪዎች፤

ባለፈው እትም «መታሰቢያ ሆድ አይሞላም» በሚል ርእስ የወጣውን ጽሑፍ አንብበናል። ማንበብ ብቻም አይደለም፤ በውሃው ሰልፍ ላይ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነበው፣ ጄሪካኑ ላይ የተቀመጠውም የቆመውም ራሱን እየነቀነቀ «እውነቱን ነው!» ሲል ሰምተናል። ዝም ብንል ዝምታችን እንደ ስምምነት ሊቆጠር ነው። ስለዚህ ይህን መልስ ለመጻፍ ተገደናል። ጽሑፉን የጻፈው ወንድማችን ነው፤ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ሻይ የምንጠጣ ሰዎች ነን። ጠባችን ከሐሳቡ ጋር እንጂ ከእሱ ጋር አይደለም።

ነገሩን ያልሰማ ካለ በአጭሩ እናስረዳ። ባለ ክራሩ አባታችን ካረፉ እነሆ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነ። ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። ቤተሰባቸው ከድንበሩ ማዶ ስለሆነ ስማቸው በወረቀት ላይ ከእጅ ወደ እጅ እንዲዞር አልፈለጉም፤ እኛም ፈቃዳቸውን እናከብራለን። እዚህ ዳበል ላይ ግን እሳቸውን የማያውቅ የለም። ከዘይት ቆርቆሮ በሠሯት ክራር፣ ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ተፈትቶ በተወጠረ ክር፣ ስንቱን ሙሽራ አጅበዋል፤ ስንቱን ሐዘንተኛ አጽናንተዋል።

በቀበርናቸው በሦስተኛው ቀን በመጠለያው ውስጥ መሣሪያ የምንነካካ ሰዎች ተሰብስበን አንድ ሐሳብ አቀረብን። «በአርባቸው ቀን ንግግር ይቅር፤ በራሳቸው ዜማዎች ላይ የተመሠረተ፣ ያለን መሣሪያ ሁሉ በአንድነት የሚጫወተው አንድ ድርሰት አዘጋጅተን እናሰማ» አልን። ያልነው ይህን ብቻ ነው። መልሱ ግን እንደ በረዶ ወረደብን። ባለፈው እትም የወጣው ጽሑፍ ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ራሽን በቀነሰበት ወቅት ስለ ሙዚቃ ማውራት ቅንጦት ነው። ሁለተኛ፣ ለሙዚቀኛ በኦርኬስትራ መታሰቢያ የሚጻፍለት ቲያትር ቤትና መሣሪያ ባለበት አገር እንጂ በሸራ ጎጆ ውስጥ አይደለም። ሦስተኛ፣ ይህ መጠለያ የብዙ ቋንቋ ሰዎች የተሰበሰቡበት ስለሆነ የአንድ ባለ ክራር መታሰቢያ የሁላችን ሊሆን አይችልም።

ሦስቱንም በየተራ እንመልሳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

በመጀመሪያ የራሽኑን ነገር እናንሳ። ረሃብ ምን እንደሆነ ከጸሐፊው መማር አያስፈልገንም፤ ከአንድ ከረጢት ነው የምንሰፍረው። ግን ለመሆኑ ስደተኛ መጀመሪያ ይብላ፣ ሙዚቃው ከዚያ በኋላ ይደረስበታል ያለው ማነው? ታሪክ የሚነግረን ሌላ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም አንድ የሕፃናት የጥሩምባ ባንድ ተቀበላቸው። ሕፃናቱ አርባ ነበሩ። ወላጆቻቸው በኦቶማን ቱርክ ዘመን፣ ከ1915 ጀምሮ በአርመን ሕዝብ ላይ በደረሰው እልቂት ያለቁባቸው የሙት ልጆች ናቸው። አገር የላቸውም፣ ቤት የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም። የነበራቸው የሚነፉት ጥሩምባ ነው። ራስ ተፈሪ ፓትርያርኩን አስፈቅደው በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እስከ ዛሬም «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይጠራሉ።

እነዚህን ልጆች እንዲያስተምርና እንዲመራ የተቀጠረው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመናዊ ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፈለትን፣ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ኢትዮጵያ ስትዘምረው የኖረችውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! አንድ አገር ባንዲራ ሲሰቀል ቆሞ የሚዘምረውን ዜማ የሰጠው የስደተኛ ልጆች መምህር ነው። በዚያ ገዳም ደጃፍ አንድ ሰው ቆሞ «እናንተ የሙት ልጆች፣ መጀመሪያ እንጀራችሁን ፈልጉ፣ ጥሩምባው ቅንጦት ነው» ብሎ አስጥሏቸው ቢሆን ኖሮ ልጆቹ እንጀራውንም አያገኙም ነበር። እንጀራ ያመጣላቸው ጥሩምባው ነውና። ዳቦና ሙዚቃ ጠላቶች ናቸው የሚለው ሐሳብ ከተራበ ሰው የመጣ አይደለም፤ የተራበውን ሰው ከሆዱ በቀር ምንም የሌለው አድርገው ከሚያዩት የመጣ ነው። እኛ ደግሞ ያን አስተያየት ከሌሎች ላይ ስንቃወም ኖረን ዛሬ በገዛ እጃችን በገዛ ጋዜጣችን ላይ ልንጽፈው አይገባም።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ። «መሣሪያ የለንም፣ ቲያትር ቤት የለንም» ይላል። እውነት ነው፣ የለንም። ያለን ሁለት ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ከበሮና የሰው ጉሮሮ ነው። ጸሐፊው ግን ኦርኬስትራ ሲባል የታየው መብራቱና ጥቁር ካፖርቱ ነው። እስቲ ለሙዚቀኛ መታሰቢያ ከተጻፉት የኦርኬስትራ ድርሰቶች መካከል በዓለም ደጋግመው ከሚሰሙት አንዱ ከምን እንደተሠራ እንይ።

በታኅሣሥ 1976 ቤንጃሚን ብሪትን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲ ሞተ። በዚያን ጊዜ አርቮ ፓርት የተባለ የኢስቶኒያ ሰው በታሊን ከተማ፣ በሶቪየት ኅብረት ሥር ይኖር ነበር። ብሪትንን አንድም ቀን በአካል አግኝቶት አያውቅም። ሥራውን ሰምቶ የንጹሕነቱ ነገር ልቡን የገባው በቅርቡ ነበር፤ አንድ ቀን አገኘው ይሆናል ሲል ሰውየው ቀደመው። ፓርት በ1977 ለእሱ መታሰቢያ አንድ ድርሰት ጻፈ። ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው።

በውስጡ ምን አለ? ባለ ክር መሣሪያዎችና አንድ ደወል። ሌላ የለም። ጥሩምባ የለውም፣ ከበሮ የለውም፣ ዘፋኝ የለውም። ዜማውስ? ከላይ ወደ ታች የምትወርድ አንዲት የድምፅ መሰላል ናት። የመጀመሪያዎቹ ቫዮሊኖች ቶሎ ቶሎ ይወርዱባታል። ሁለተኞቹ ያችኑ መሰላል ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በእጥፍ አዝግመው ይወርዳሉ። ቀጥሎ ያሉት ከእነሱም በእጥፍ ያዘግማሉ። እንዲህ እያለ አምስት ደረጃ ይሄዳል፤ ወፍራሙ ኮንትራባስ ዘንድ ሲደርስ ከመጀመሪያው አሥራ ስድስት ጊዜ የዘገየ ነው። አንዱ ሺህ ጊዜ የተመላለሰበትን መንገድ ሌላው ገና መሐሉ ላይ ነው። ሁሉም ግን ወደ አንድ ቦታ እየወረዱ ነው፤ እያንዳንዱ መድረሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ሌላውን ይጠብቃል። በመካከሉ ደወሉ አንዲት ድምፅ ብቻ ይደጋግማል። በመጨረሻ ሁሉም ዝም ሲሉ የደወሉ ድምፅ ብቻውን ቀርቶ በአየር ላይ ይሰማል።

ይህን ስናነብ እርስ በርሳችን ተያየን። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነውን? ለቀስተኛ ወደ ድንኳን ሲገባ ወጣቱ ሮጦ፣ ጎልማሳው በእርምጃ፣ ሽማግሌው በምርኩዝ እየተደገፈ የሚመጣው ወደ አንድ ሬሳ አይደለምን? ደወሉስ? በትምህርት ቤቱ ግራር ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ምንድን ነው? ማለዳ ሲመታ እስከ ጉድጓዱ ውሃ ድረስ ይሰማል። ባለ ክራሩ አባታችን ደግሞ ማንኛውንም ዘፈን ሲጨርሱ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ከላይ ወደ ታች ይወርዱባት የነበረችውን የትዝታ ማሳረጊያ የማያውቅ ልጅ እንኳ የለም። እንግዲህ ክራር በፍጥነት ይውረድባት። ማሲንቆው ያችኑ በእጥፍ አዝግሞ ይከተል። ዋሽንቱ ከዚያ ያዝግም። ሴቶች በድምፃቸው ከዚያም ያዝግሙ። ሽማግሌዎች አፋቸውን ገጥመው ከሁሉ ዘግይተው ያጉረምርሙ። ቸርኬው ይመታ። የፓርትን ድርሰት እንቅዳ አላልንም፤ እሱ ለወዳጁ የሠራው የእሱ ነው። መንገዱን ግን አሳይቶናል። መታሰቢያ የሚሠራው ካለው ነገር ነው፤ ከሌለው ነገር የተሠራ መታሰቢያ እስካሁን አልሰማንም። በነገራችን ላይ ይህ ሰው በ1980 እሱ ራሱ አገሩን ጥሎ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቪየና ተሰደደ፤ ከዚያም ወደ በርሊን ሄደ። ስለ ሻንጣና ስለ ድንበር እሱም ያውቃል።

«ኦርኬስትራ እስኪኖረን እንጠብቅ» የሚሉንን እናቶቻችን በአንድ ቃል መልሰውላቸዋል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ነው። «እሳቸው የማን ናቸው?» ይላል። ይህን ጥያቄ የሸሸነው መስሎን ነበር። ከዚያ ማዶ ያፈናቀለን ይኸው ጥያቄ አይደለምን? እዚህ ድረስ ተከትሎን መጥቶ በክራር ክር ላይ ሲቀመጥ እያየን ዝም አንልም።

ከላይ የጠቀስነው የኬቮርክ ናልባንዲያን ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ይባላል። በ1915 በአይንታብ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ከእልቂቱ ሸሽቶ በሶርያ ሐለብ አደገ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ገባ። በማዘጋጃ ቤት ባንድና በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ዘማሪዎችን አሰለጠነ፣ ለመለከቶች ቅንብር ጻፈ፣ ዜማ ደረሰ። ዛሬ የቆየውን የአማርኛ ዘፈን ስንሰማ ከዘፋኙ በስተጀርባ በአንድነት የሚያዜሙት መለከቶች እንዲያ እንዲሰለፉ ካደረጉት እጆች አንዱ የእሱ ነው። በአፍ መፍቻው አርመናዊ፣ በአስተዳደጉ የሐለብ ልጅ ነው። ታዲያ ያን ዘፈን የሰማ ሰው «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ ጆሮውን ይዟልን? ጥላሁን ገሠሠ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲዘፍን ከመሐላችን ግማሹ ብቻ ነው ያለቀሰው? እሱ በ2009 ሲያርፍ አዲስ አበባ አደባባይ ወጥቶ የቀበረው በየትኛው ቋንቋ ነው?

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1977 አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ፓርት በታሊን ሆኖ ለብሪትን ያን ድርሰት በጻፈበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ በቀይ ሽብር የምትናወጥበት፣ እናት የልጇን ሬሳ ከመንገድ የምታነሳበት ጊዜ ነበርና ሰው ለሰው በወጉ የሚያለቅስበት ዘመን አልነበረም። ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ በ1985 የተመሠረተ፣ ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባል፣ ረስ ጌርሾን የተባለ ሳክስፎን ነፊ የሚመራው የጃዝ ኦርኬስትራ አለ። በ2004 አዲስ አበባ መጥቶ የኢትዮጵያን ዜማ ለኢትዮጵያውያን ተጫወተ። ከዚያም የናልባንዲያንን ሥራዎች አንስቶ ከኢትዮጵያውያን እንግዶች ጋር አሰማ፤ «ኢትዮፒክስ» በሚባለው የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 32ኛ ቁጥር ላይም «ናልባንዲያን ኢትዮጵያዊው» በሚል ርእስ ወጣ። ርእሱን ደግማችሁ አንብቡት። እኛ «የማን ናቸው?» ስንባባል ለአንድ የአይንታብ ተወላጅ የተሰጠው ስም ይህ ነው።

ልብ በሉ፤ ስለ ናልባንዲያን ታላቅነት የሚያወራ አዲስ ነገር ፈጥረው አይደለም። የራሱን ሥራ መልሰው ነፉለት። ይህን ሊያደርጉ የቻሉት በምንድን ነው? ሰውየው ሥራውን በኖታ፣ በወረቀት ላይ ይጽፍ ስለነበር ነው! ከሞቱ ሩብ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ፊቱን ያላዩት ሰዎች እጅ ገብቶ ሊሰማ የቻለው ወረቀቱ ስለነበረ ነው። የእኛ አባት ግን ወረቀት አልነበራቸውም። ወረቀታቸው እኛ ነን።

አሁን ደግሞ ከሌላ ወገን የመጣውን እንመልስ። አንዳንዶች በቅን ልቡና «ፎቷቸው ያለበት ካናቴራ እናሠራ፣ ትልቅ ንግግር ይደረግ፣ ያ ይበቃል» ይላሉ። ካናቴራው ይሠራ፣ አንቃወምም። ነገር ግን የሙዚቀኛ መታሰቢያ ሙዚቃው በውስጡ ከሌለ የማንም ሰው መታሰቢያ ነው። ንግግር አድራጊው ስለ ሟቹ ሲናገር ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የራሱ ድምፅ ነው። ደህና አልቃሽ እንኳ ሙሾ ስታወርድ ሟቹ የሠራውን ሥራ እየቆጠረች ነው እንጂ «ታላቅ ሰው ነበር» ብላ አትቀመጥም።

እዚህ ላይ አሸናፊ ከበደን እንጠቅሳለን። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበር። በ1960ዎቹ «እረኛው ባለ ዋሽንት» የተባለውን የኦርኬስትራ ድርሰት ጻፈ። ርእሱ የንጉሥ ስም አይደለም፤ የጦር አለቃ ስም አይደለም። ከብት እየጠበቀ ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ነው። ስሙን ማንም አያውቀውም። አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ ግን እሱን ለማጀብ ይሰለፋል። አሸናፊ በ1998 ከአገሩ ርቆ በአሜሪካ አረፈ፤ እረኛው ግን አሁንም ይነፋል። የእኛን አባት ስም መጻፍ የማንችልበት ምክንያት አለን። ይህ ግን መታሰቢያውን አይከለክልም። ስም መጻፍ ባይቻል ዜማ መጻፍ ይቻላል፤ ዜማውን የሰማ ሁሉ ስሙን በልቡ ይጠራል፤ ያን ደግሞ በየትኛውም ኬላ ማንም ፈትሾ አይወስደውም።

ውድ አንባቢያን፣ ሌላውን ስንነቅፍ ራሳችንን ነፃ ብናወጣ ሐቀኞች አንሆንም። ስለዚህ ግለ ሂስ እናድርግ።

ባለ ክራሩ አባታችን ከእኛ ጋር ሦስት ዓመት ኖረዋል። ከእኛ መካከል ኖታ የተማረ ሰው አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከዜማዎቻቸው አንዱን እንኳ አልጻፈም። ለምን? «የሠርግ ዘፈን ነው» ብለን ንቀን ነው። እሳቸውን የምንጠራቸው ሠርግ ሲኖር ነበር፤ ሠርጉ ሲያልቅ ሻይ ሰጥተን እንሸኛቸዋለን። «ይህን ከማን ተማሩት? ይህን ሲጫወቱ ቅኝቱን ለምን እንዲህ ዝቅ ያደርጉታል?» ብለን አልጠየቅንም። አንድ ቀን አምባሰልን ሲቃኙ ከእኛ አንዱ በጥራዝ ነጠቅነት «አባባ፣ ይህ ክር ተሳስቷል» ቢላቸው ፈገግ ብለው «ልጄ፣ አልተሳሳተም፤ አንተ ገና አልደረስክበትም» አሉት። ምን እንደሆነ ለመድረስ ተመልሶ አልሄደም። ዛሬ መሄጃ የለውም።

በአንድ ስልክ ላይ አሥራ አንድ ደቂቃ የሚሆን ድምፃቸው ተገኝቷል። አዳምጠነዋል። ከዚያ ውስጥ ግማሹ የብርጭቆ ድምፅ፣ የሕፃን ልቅሶና የእኛው የራሳችን ወሬ ነው። ተጫዋቹ እየተጫወቱ እኛ እናወራለን! የቀረን ይህ ነው።

እዚህ ዳበል ላይ ሰው ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ እየቆፈረ ይገባል። በ2024 በሂሎ ጉድጓዱ ተንዶ የሰው ሕይወት እንደጠፋ ሁላችንም እናስታውሳለን። ተንዶ የተደፈነ ወርቅ እንኳ መቶ ዓመት ቢቆይ ወርቅነቱን አይለቅም፤ የልጅ ልጅ ቆፍሮ ያወጣዋል። ከሰው ጋር የተቀበረ ዜማ ግን ማንም ቆፍሮ አያወጣውም። ለወርቁ ሕይወቱን የሚሰጥ ሰው ባለበት ቦታ ለዜማው አንድ ምሽት የሚሰጥ ሰው ከጠፋ ነውሩ የእኛ ነው።

ነገሩ የሚያስቸኩልበትም ምክንያት አለ። አባታችን ሲዘፍኑ ከጎናቸው ሆነው ይቀበሉ የነበሩትን ሁለቱን እናቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የረጃጅሞቹን ዘፈኖች ቃል እስከ መጨረሻው የሚያውቁት እነሱ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ወደ ሌላ መጠለያ ይዛወራሉ ተብሎ በዝርዝሩ ላይ ወጥተዋል። መኪናው የሚመጣው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አርባቸው የሚሞላው ደግሞ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ነው። ቁጥሩን ራሳችሁ አስሉት። «በአርባቸው እናስብበታለን» የሚለው ሰው ሳያውቀው «አናደርገውም» እያለ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፦ ከነገ ጀምሮ በየማታው፣ የእራት እሳት ከጠፋ በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ ግራር ሥር እንሰበሰባለን። ከአባታችን አንድም ዜማ፣ ግማሽም ቢሆን፣ የሚያውቅ ሰው ይምጣ። ዜማውን ያንጎራጉር፤ እኛ እንጽፋለን። በኦሮምኛ የሚያውቀው በኦሮምኛ፣ በቡርጂኛ የሚያውቀው በቡርጂኛ፣ በአማርኛ የሚያውቀው በአማርኛ ይዝፈን። ክራራቸው ቋንቋ አልመረጠችም።

ሁለተኛ፦ ሁለቱን እናቶች ውሃ እንዲቀዱ፣ እንጨት እንዲለቅሙ አናደርግም። እስከ መሄጃቸው ቀን ድረስ ይህን ሥራ ወጣቱ ተረክቦ ይሥራላቸው፤ እነሱ ቀኑን ይዝፈኑ። ይህ ለእነሱ ውለታ አይደለም፤ ዕዳችን ነው።

ሦስተኛ፦ የተጻፈው ሁሉ በሦስት ደብተር ይገለበጥ። አንዱ ከእናቶቹ ጋር ይሂድ፤ አንዱ እዚህ ይቅር፤ አንዱ በታመነ ሰው እጅ ለቤተሰባቸው ይድረስ። ድርሰቱ በአርባቸው ቀን ይጫወት። ለእናቶቹ ስንል ግን ከመሄጃቸው ዋዜማ ማታ አንድ ጊዜ በፊታቸው ይጫወታል፤ ድምፃቸው በውስጡ እያለ።

አራተኛ፦ በዚያ ቀን ንግግር አይደረግ። እኛንም ጨምሮ ማንም ሰው ተነሥቶ «ታላቅ ሰው ነበሩ» አይበል። ክራሯ ወንበራቸው ላይ ትቀመጥ። ቸርኬው ሲመታ ሁሉም ዝም ይበል። ከዚያ ክራር ይጀምር፣ ማሲንቆ ይከተል፣ ሌላው እንደየአቅሙ ያዝግም። ስንጨርስ ሰው ዝም ብሎ ወደየቤቱ ይሂድ።

በመጨረሻም ባለፈው እትም ለጻፈው ወንድማችን አንድ ነገር እንላለን። አንተ ራስህ ባለፈው ክረምት ልጅህ ስትዳር ባለ ክራሩ አባታችን ሌሊቱን ሙሉ ሲጫወቱ ከአጠገባቸው አልተነሣህም። ሲነጋ «ይህችን ደግመው ይጫወቱልኝ» ያልካቸው ዘፈን አለች። ከእኛ መካከል ያችን ዘፈን ሙሉ የሚያውቃት የለም። ጠይቀን ጠይቀን አጣናት። ምናልባት አንተ ታውቃት ይሆናል። ሐሳባችንን ባትቀበለውም፣ ነገ ማታ ና። መጀመሪያ ለአንተ ቦታ እንለቃለን።

ይህ ጽሑፍ አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ያነበባችሁ ለጎረቤታችሁ አስተላልፉ፤ ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው።

መሣሪያ የምንነካካው
ዳበል